የ«ሁሉንግደል» ትርጉም

ትርንጎ ሦስተኛው መንኮራኩር ላይ ሥራ ባላት ቀን ቁርስ አትበላም። የዚያን መንኮራኩር ሥርዓት በባዶ ሆድ ካልሆነ የሚችለው የለም።

ማርስን የምትዞረው ጣቢያ በተለያየ ዘመን ተሠርተው ጎን ለጎን የተገጣጠሙ ሦስት መንኮራኩሮች ነበሯት። እያንዳንዱ የራሱ የኮምፒውተር ሥርዓት አለው። ሦስቱም ዩኒክስ ከሚባል አንድ ጥንታዊ አባት ስለተወለዱ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አስተዳዳሪዋ ትርንጎ ኑሮዋ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ነው። በስክሪን መሥራት ከቀረ ቆይቷል። አስተዳዳሪ ጣዕመ ሰሌዳ የምትባል ስስ ብረት ከምላሱ ሥር ያደርጋል፤ የሥርዓቱ ጤና በጣዕም ይደርሰዋል፣ ትእዛዙንም በለሆሳስ ይሰጣል። የመጀመሪያው መንኮራኩር የምንጭ ውሃ ይመስላል። ሁለተኛው ጨው ጨው ይላል። ድሆቹ የሚኖሩበት፣ ያረጀው ሦስተኛው ግን የሸተተ ሥጋ ላይ የቆየ ቅቤ እንደ ማፍሰስ ነው።

የዚያን ዕለት የሦስተኛው አየር መሳሳት ጀመረ። አየሩን የሚመጥነው ፕሮግራም ራሱን እያባዛ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነበር። አለቃዋ ኢንጂነር ልሳኑ ጠሯትና መፍትሔውን ነገሯት፤ «ሁሉንግደል» ብላ የፕሮግራሙን ስም ትጥራ፣ የተባዙት ይጠፋሉ፣ ከዚያ አንዱን እንደገና ታስነሳለች። በመጀመሪያው መንኮራኩር ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። አንድም ቃል እንዳትለውጥ አጥብቀው አስጠነቀቋት። ይሄ ገረማት፤ ልሳኑ ስለ ትእዛዝ ቃላት ተጨንቀው አያውቁም።

የአየር ማጣሪያውን ክፍል የሚጠብቁት እትዬ አስካለ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ትርንጎ ስትገባ ሳትጠይቃቸው ሳፋ አቀረቡላት። ሰሌዳዋን ከምላሷ ሥር እንዳደረገች ግማቱ አፏን ሞላውና አስመለሳት፤ የወጣው ሐሞት ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ እንደ ልጃቸው ግንባሯን ደገፉላት። ከግድግዳው ማዶ ሕፃናት ሲያስሉ ይሰማል።

ትርንጎ ከሥርዓት ሥርዓት ስትሻገር የማትተወው ልማድ አላት። ትእዛዝ ከመስጠቷ በፊት ቃሉ እዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሥርዓቱን ራሱን ትጠይቃለች። ጠየቀች፤ መለሰላት። እዚህ «ሁሉንግደል» የተጠራለትን ስም ለይቶ አይሰማም። ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ አየሩን፣ ሙቀቱን፣ በሮቹን።

ወዲያው አለቃዋ ዘንድ ደወለች።

«ኢንጂነር፣ ይህ ቃል እዚህ ሁሉንም ነው የሚገድለው። ያውቁ ነበር?»

«መንኮራኩሩ ይፍረስ ተብሎ ከተወሰነ ቆይቷል» አሉ ልሳኑ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። «ነዋሪዎቹ ውጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። አየሩ ሲቆም ይወጣሉ፣ መርከቦች ተዘጋጅተዋል። አንቺንም የሚወቅስሽ የለም፤ ከሥርዓት ሥርዓት የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስህተት ነው።»

«በሮቹም እኮ አብረው ይቆማሉ፤ በየት ይወጣሉ?»

«ጥቂት ሰው ምናልባት…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

እንደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ስንት ጊዜ አመስግነዋታል! ስልኩን ዘጋችባቸው። ከዚያ የተቆላለፉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ፣ በየቁጥራቸው እየጠራች ማጥፋት ያዘች። በመሃል ደጋግሞ አስመለሳት። ብዙ ሰዓት ፈጀባት፤ በመጨረሻ ግን አየሩ ተመለሰ፣ ማዶ ያለው ሳልም ጋብ አለ።

ሰሌዳዋን አውጥታ ለእትዬ አስካለ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። የምትጉመጠመጥበት ውሃ ሰጧትና ቀስ ብለው ጠየቋት።

«የእነሱን ቤት ሁሉ የሚገድለውስ ቃል የትኛው ነው?»

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸው። አለቆቹ የሚኖሩበት የመጀመሪያው መንኮራኩርም ሕፃናት አሉበት።

«አላውቅም» አለች።

ታውቃለች። ገና ሳይጠይቋት ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ልሳኑ የተዘጋ በር እየደበደቡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ታይቷት፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሏታል። ራሷን ተጸየፈች።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ። «የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።»