ያልባታል እንጂ አታፈስም

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው መብቱ ነው፣ እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ሌሊት መስሏችሁ መብራት ለማብራት እንዳትነሱ። ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታው የምሠራበት የብሎኬት ማምረቻ ነው። እሁድ ስለነበር ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ መካኒኩ፣ ታናሽ ወንድሜ እና ፎርማኑ።

ሦስት ብቻ። ይሄን ያዙልኝ።

ፎርማኑ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ፊት ለፊት "እርስዎ" ነበር የምለው። እዚህ ግን አንቱ አልለውም። ከአፌ አይወጣልኝም።

አሸዋና ጠጠር የምታመላልስ አንዲት ትንሽ ሎደር አለችን፣ ስኪድ ስቲር የሚሏት ዓይነት። ኦፕሬተሩ መሀል ይቀመጣል። በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት የብረት ክንዶች ባልዲዋን ከጭንቅላቱ በላይ ያነሷታል። ክንዶቹን ሽቅብ የሚይዛቸው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ዘይቱ ካመለጠ ይወርዳሉ። ቀስ ብለውም አይደለም።

ለዚህ ተብሎ አንድ ቀይ ድጋፍ ብረት አብሯት ይመጣል። ክንዱ ሲነሳ፣ ሽቅብ በሚገፋው ፒስተን ላይ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ በሙሉ ቢፈስ እንኳ ክንዱ ንቅንቅ አይልም።

የኛዋ ብረት ጠፋ ተባለ።

ከዚያ ኳኳ ሞተ...

ኳኳ የድሮው ኦፕሬተር ነው። ክንዱን ከማንሳቱ በፊት ሰው ዘወር እንዲል የጋቢናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ኳ... ኳ...። ስሙም ከዚያ መጣ። "ጥሩምባ ብነፋ ሰው ይደነግጣል" ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ባልዲዋ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ሊያራግፍ ከተነሳው ክንድ ስር ገባ። የዘይቱ ቱቦ ፈነዳ።

እናቱ ሲመጡ ይሄ ፎርማን ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

"እማማ፣ ብረቱን የጣለው ልጅዎ ነው። ራሱን በራሱ ነው የጎዳው።"

እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው "ልጄ ስላስቸገራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ" ብለው ሄዱ። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

የፈነዳውን ቱቦ እኔው ቀየርኩት። ሎደሯ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንጠባጠቧን አላቆመችም። በየጠዋቱ ስሯ የዘይት ኩሬ ሠርታ ታድራለች። ለፎርማኑ ስነግረው መልሱ አንድ ነው።

"ያልባታል እንጂ አታፈስም።"

ከነገ ሰኞ ጀምሮ እሷ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የእናቴ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ።

የዚያን ቀን ቢሮው ድረስ ሄጄ፣

"ፍሳሹ ሳይገኝ ወንድሜ አይነዳትም" አልኩት።

"ካልነዳ ተወው። የሚነዳ ሰው መች ጠፋ።"

"እሺ ቢያንስ ድጋፍ ብረቱን ይተኩልን።"

"እንጨት ደግፍበት" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ትቼው ወጣሁ።

ማሽኗን በናፍጣ አጠብኳት፣ በጨርቅ አደረቅኳት። አስነስቼ ካርቶን በየቱቦው አጠገብ ማሳለፍ ጀመርኩ። ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ የሃይድሮሊክ ዘይት ቆዳ ይበሳል፣ ሲገባም አያምም። ካርቶን ግን አይዋሽም፤ ዘይት ከነካው ያሳያል።

ወንድሜ ጥላው ስር ተቀምጦ ይስቅብኛል።

"ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ዘይት ስታይ ደም ያየህ ነው የሚመስልህ።"

"ዝም ብለህ ውኃ ቅዳልኝ።"

ባልዲ አንጠልጥሎ ከግቢው ጫፍ ወዳለው ቧንቧ ሄደ።

ካርቶኑ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹ ደረቅ፣ መጋጠሚያዎቹ ደረቅ፣ የፒስተኖቹ ጎሚኒ ደረቅ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ስሯ አዲስ ዘይት አለ።

የዘይቱን መጠን የሚያሳየውን መስታወት አየሁ። ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታፈስ ከርማ አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም። እኔ ጨምሬ አላውቅም፣ ከኔ ሌላ የሚጨምርም የለም።

ታዲያ ይሄ ዘይት ከየት ነው የሚመጣው?

ጋቢናዋ ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። ኦፕሬተሩ እንዳይወድቅ ጭኑ ላይ የሚያወርደው ብረት ሁለት ቦታ ላይ ረጥቧል። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ... ግራና ቀኝ። ጠረግኩት።

ዞር ብዬ ስመለስ እንደገና ረጥቧል።

በጣቴ ነካሁት። ሞተሩ የሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዘይቱ ገና አልሞቀም። ይሄኛው ግን ለብ ይላል። እንደ ሰው እጅ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ አልፈራሁም። ተናደድኩ። የሆነ ሰው የሚቀልድብኝ መሰለኝ።

አንድ ያላየሁት ቦታ ቀረ፤ ከክንዱ ስር ያለው የኋላ መጋጠሚያ። ሞተሩን አስነስቼ ክንዱን ከፍ አደረግኩ፣ መልሼ አጥፍቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እንደተባልኩት ወፍራም እንጨት ደገፍኩበት። የሚያስጠላ ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ? እኔ ዛሬ አንገቴን ካላስገባሁ ነገ ወንድሜ ሙሉ ሰውነቱን ያስገባል።

ጭንቅላቴንና አንድ እጄን አስገባሁ። ካርቶኑን ወደ መጋጠሚያው ጠጋ አደረግኩ...

ኳ... ኳ...

ከላይ ነው። የጋቢናዋ ጣሪያ ላይ።

"እረፍ አልኩህ! እዚህ ስር ነኝ እኮ!"

ካርቶኑን መልሼ ጠጋ አደረግኩ።

ኳ... ኳ...

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ እኔና አንተ..."

ልገስጸው ጭንቅላቴን አወጣሁ። ትከሻዬ ከመውጣቱ ክንዱ ተጫነው፣ እንጨቱ ተንሸራተተ። ክንዱ ወረደ። አቧራው ሲነሳ መሬቱ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ። ካርቶኔ ከክንዱ ስር ቀርቷል... ጭንቅላቴ የነበረበት ቦታ ላይ።

ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም። ጣሪያው ላይም ማንም የለም።

ወንድሜ ከግቢው ጫፍ ውኃውን እየደፋ ሲሮጥ አየሁት።

"ጋሼ! ተጎዳህ?"

"አንተ አይደለህም እንዴ ያንኳኳኸው?"

"ምኑን?" አለ። "እኔ እኮ ቧንቧው ጋ ነበርኩ።"

ተያየን። ሁለታችንም ስሙን አልጠራንም።

ያኔ ነው ጠብታዎቹን ያየሁት።

ከሎደሯ ስር ጀምረው ደረቁ ሲሚንቶ ላይ እየራቁ ይሄዳሉ። አንድ ጠብታ... ራቅ ብሎ ሌላ... ደግሞ ሌላ። መሀላቸው ያለው ርቀት የሰው እርምጃ ያህል ነው። ጠዋት ስንገባ ያንን ቦታ ራሴ ጠርጌዋለሁ።

"ጋሼ፣ ይቅርብን። እንሂድ" አለ ወንድሜ፣ እጅጌዬን ይዞ።

"ሂድና በር ላይ ጠብቀኝ።"

"ብቻህንማ አልተውህም።"

ተከተልናቸው። ጠብታዎቹ የአሸዋውን ክምር ዞሩ፣ ከፎርማኑ ቢሮ ኋላ ገቡ። ቢሮው በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ከኋላው፣ በቢሮውና በግቢው ግንብ መሀል ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ሰው ወዲያ አይሄድም። ቢሮው በዚያ በኩል አንድ ወደ ላይ የሚከፈት የቆርቆሮ መስኮት አለው፣ አረንጓዴ የተቀባ። እንዳይዘጋ በብረት ተደግፏል። ብረቱም አረንጓዴ ነው።

ጠብታዎቹ እዚያ ቆሙ።

ብረቱ በዘይት ርሷል። ጫፉ ላይ ተጠራቅሞ... ጠብ... ይላል።

በጨርቅ ጠረግኩት። ከኪሴ የሎደሯን ቁልፍ አውጥቼ ቀለሙን ፋቅ አደረግኩት።

ከስሩ ቀይ ነው።

"ጋሼ..." አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። "ይሄ የሎደሯ..."

"አውቃለሁ።"

የፒኑ ቀዳዳ እንኳ በቦታው አለ። ያ ሁሉ ጊዜ! ኳኳን ስንቀብረው፣ እናቱ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ይሄ ብረት እዚህ ቆሞ መስኮት ይደግፋል። ደሜ ፈላ። መንጭቄ ሳወጣው መስኮቱ ጓ ብሎ ተዘጋ። ከውስጥ "ማነው!" የሚል ድምፅ መጣ።

በሩን በእግሬ ከፍቼ ገባሁ፣ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"ምንድነው ይሄ?"

"የመስኮት መደገፊያ ነዋ" አለ።

"ከየት አመጡት?"

"ግቢ ውስጥ... ወድቆ አግኝቼው።"

"ከኳኳ በፊት ነው በኋላ?"

መሳቢያውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ከኳኳ በፊት ነው በኋላ?" አልኩት እንደገና።

"ሙቀት ነበር" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መስኮቱ አልቆም አለኝ። ለአንድ ሁለት ቀን ብዬ ነው ከማሽኗ ላይ ያነሳሁት... ከዚያ ያ ነገር መጣ።"

ለነፋስ! ሰው የሞተው ይሄ ሰውዬ ነፋስ እንዲመታው ነው። ከዚያም ብረቱን ቀለም ቀብቶ መስኮቱ ላይ መለሰው፣ እናትየዋን ዓይን ዓይናቸውን እያየ "ልጅዎ ነው የጣለው" አላቸው።

"ከዚያ ቀለም ቀባኸው" አልኩት። አንቱታው የት እንደገባ እኔም አላውቅም። "ነገ ደግሞ ወንድሜን ልትቀብር ነበር።"

ግንባሩን በእጁ ጠረገ። እጁን አየ። መሀረብ አውጥቶ ደግሞ ጠረገ።

መሀረቡ ቢጫ ሆነ።

ሽታው ነው ቀድሞ የነገረኝ። ስንት ዓመት ሳጥበው የኖርኩት፣ ከልብሴ አልለቅ የሚል ሽታ ነው፣ አይጠፋኝም። የሃይድሮሊክ ዘይት።

ከጸጉሩ ስር እየመነጨ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። በአንገቱ ወርዶ ነጩ ኮሌታው ውስጥ ይገባል። በጣቶቹ ጫፍ ይጠራቀምና ወለሉ ላይ... ጠብ... ጠብ...

"ምንድነው ይሄ?" አለኝ። "አንተ መካኒክ ነህ... ምንድነው?"

ልራራለት ይገባ ነበር ትሉኝ ይሆናል። አልራራሁለትም።

"አይዞህ" አልኩት። "ያልብሃል እንጂ አታፈስም።"

ያኔ ጣሪያው ተንኳኳ። በራሳችን አናት ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ።

ኳ... ኳ...

ወንድሜ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ጋሼ" አለ። "ወደ ውጪ እይ።"

በበሩ በኩል ሎደሯ ትታያለች። ሞተሯ አይሠራም። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ይዤዋለሁ። ክንዶቿ ግን ቀስ... ቀስ... እያሉ ወደ ላይ እየተነሱ ነው።

ብረቱን አንስቼ፣ ወንድሜን በእጁ ይዤ ወጣሁ። በዚያ ግቢ ደግመን አልሠራንም።

ብረቱን ከግቢው በቀጥታ ለኳኳ እናት ወሰድንላቸው። "እማማ፣ ልጅዎ አልጣለውም" አልናቸው፣ የት እንዳገኘነውም ነገርናቸው። ቀዩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ታቅፈውት አለቀሱ። ለፖሊስም ተናግረን ነበር፣ ቃላችንን ተቀብለው ሸኙን። ሌላ ነገር አልሰማንም።

ወንድሜ በሕይወት አለ። ሌላ ቦታ ይነዳል። ክንድ ከማንሳቱ በፊት የጋቢናውን ጣሪያ ሁለቴ ያንኳኳል።

ሎደሯ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወጣትም ብለው እዚያ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ነገሩኝ።

ፎርማኑ አሁንም እዚያው ነው። በቀን ሦስት ሸሚዝ ይቀይራል አሉ። ወንበሩ ስር ራሱ ካርቶን አንጥፏል። የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ ያው ነው። "ሙቀቱ ነው... ያልበኛል።"

አንዳንዴ ግን ንግግሩን ያቋርጣል። ሰው ምንም አይሰማም። እሱ ወደ ጣሪያው ያይና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ስር ይገባል።