የአስር አለቃ ይርጋ ቀብር

አበጋዝ ሠርቶ የጨረሰውን ሳጥን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ዳር ዳሩን በመዳፉ ዳሰሰ። ደሴ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለችው የሬሳ ሳጥን መሸጫ፣ የጣውላ ፍቅፋቂና የቫርኒሽ ሽታ ሲምግ ብዙ ዓመት ስለኖረ ቀብር ለእሱ የዕለት ሥራ ነው፤ የሟቹን ቁመት ይጠይቃል፣ ጣውላ ይቆርጣል፣ ይመታል፣ ጨርቅ ያለብሳል፣ ከዚያም ከለቀስተኛው ጋር ወጥቶ ያስቀብራል። ይህኛው ሳጥን ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለይ ነበር። ሟች የለውም።

ያሠሩት እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። ልጃቸው አስር አለቃ ይርጋ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደሄደ ቀረ፤ ሬሳው አልተገኘ፣ መርዶ የነገራቸውም የለ። ከሰላሳ ዓመት በላይ በር በሩን ሲያዩ ኖረው፣ አሁን ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ "ከመሞቴ በፊት አፈር ላልብሰው" አሉ። ቄሱ መጀመሪያ አመነቱ፤ በኋላ ግን የእናት ነገር ሆዳቸውን በላውና እሺ አሉ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሰብሳቢ ሻምበል ደጀኔም ባንዲራውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

"ምን ልክተትበት እትዬ?" አለ አበጋዝ።

"የደንብ ልብሱን ነዋ። ቤት ትቶት የሄደው ነው። ሌላ ምን አለኝ ብለህ ነው፣ ልጄ?"

ልብሱን አጣጥፎ ከተተ፣ ክዳኑን በምስማር መታ፣ ሳጥኑን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ባንዲራውን አልብሶት ሱቁን ዘጋና ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የተቀበለው ሽታ ነው፤ የቫርኒሽ ሳይሆን፣ ለብዙ ጊዜ ውሃ ካልነካው ሰው ጉያ የሚወጣ፣ ላብና እርጥብ አፈር የተደባለቀበት ሽታ። ባንዲራው ላይ፣ በራስጌው በኩል፣ ቢጫው መሀል፣ መዳፍ የሚያህል ርጥበት አየ። ቀና ብሎ ጣሪያውን ቢያይ የሚያፈስ ነገር የለም። በጨርቅ አደረቀው። መዶሻውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ሲመለስ እንደገና ረጥቧል። ቆሞ አየው። ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ደግሞ ይሰፋል፤ በብርድ ጠዋት መስታወት ላይ አፉን አስጠግቶ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስል።

"የጉሙ ነው" አለ ድምፁን አውጥቶ። ራሱም አላመነውም።

የዕድር ሰዎች መጥተው ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ አንደኛው ቀና ብሎ አፈጠጠበት።

"ባዶ ነው አልተባለም እንዴ? ምን ከተትህበት?"

"ጣውላው እርጥብ ነው" ብሎ ዋሸና እሱም ትከሻውን ሰጠ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ውስጡ ያለው ነገር ተንቀሳቀሰ። የታጠፈ ልብስ እንዲህ አይንሸራተትም፤ ከባድ እንቅልፍ የተኛ ሰው ጎኑን ሲለውጥ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ፣ በሙሉ ክብደቱ፣ ወደ አበጋዝ ጆሮ ተጠጋ። ከዚያ በጣውላው በኩል፣ በደረቀ ጉሮሮ የሚጎተት፣ ቃል ሊሆን ፈልጎ ያልቻለ ድምፅ ሰማ። ሴቶቹ ያለቅሳሉና ለሌላው አይሰማም። አልቃሾቹ ትንፋሽ ሊስቡ ጸጥ ሲሉ ያም ጸጥ ይላል፤ ልቅሶው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። አበጋዝ ሌሎቹን ተሸካሚዎች በዓይኑ ፈለጋቸው። ሁሉም መሬት መሬቱን እያዩ ነው፤ አንዱም ቀና ብሎ ከሌላው ጋር መተያየት አልፈለገም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ሻምበልን ወደ ጥግ ሳባቸው።

"ሻምበል፣ ይህ ሳጥን ይከፈት።"

"ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ይከፈት ብቻ። እባክዎ።"

ሻምበል ደጀኔ ክንዱን ያዙት። "እናቱ ፊት ባዶ ሳጥን ከፍተህ ልታሳያቸው ነው? ስንት ዓመት የጠበቁትን ቀን ልታበላሽባቸው? ተው፣ አንተ ልጅ።"

አፈረ። ወደ ተሸካሚዎቹ ተመለሰ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሽማግሌዎቹ ወታደሮች ሰላምታ ሰጡ፤ ባንዲራውን አንስተው አጣጠፉና ለእትዬ ድንቅነሽ አስታቀፏቸው። አበጋዝ ገመዱን ሊያሳልፍ ክዳኑን ሲነካው ጣውላው ይሞቃል። እጁን እንደተቃጠለ ሰው መነጨቀ። ሳጥኑ ወረደ። የመጀመሪያው አፈር ሲያርፍበት ከውስጥ ጥፍር ጣውላውን ይቧጭር ጀመር፣ ከግርጌ ተነስቶ ወደ ራስጌ፣ ሳይቸኩል መጀመሪያ፣ በኋላ እየቸኮለ። ቆፋሪው አካፋውን አፈጠነ። ለቀስተኛው ፊቱን አዞረ። እትዬ ድንቅነሽ ብቻ ባንዲራውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ አንገታቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘንበል አድርገው ቆመዋል። አፈሩ እየወፈረ ሲሄድ ድምፁ ራቀ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው እጁን ታጥቦ ተቀምጦ ሳለ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ ከሲታ ሰውዬ ወጥቶ መግቢያው ላይ ቆመ። ሻምበል ደጀኔ እያዩት ቀስ ብለው ተነሱ።

"ይርጋ?" አሉ። "ይርጋ አይደለህም?"

ሰውየው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ተማርከህ ነበር፣ አይደል? ሱዳን ነበርክ?"

አሁንም ነቀነቀ። ድንኳኑ በእልልታና በልቅሶ ተናወጠ፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ይስመዋል፣ አንዱ እግሩ ላይ ይወድቃል። አበጋዝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እንባው ወረደ። ይርጋ በሕይወት ካለ ሳጥኑ ባዶ ነበር ማለት ነው፤ የሰማውም ያየውም የገዛ ፍርሃቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ።

ሰውየው ፈገግ እያለ መጥቶ ከእትዬ ድንቅነሽ አጠገብ ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ። እሳቸው አልተነሱም፣ አላቀፉትም። በሌላው እጃቸው አበጋዝን በምልክት ጠርተው ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"የልጄ ድምፅ አይጠፋኝም፤ ከጉድጓዱ ሆኖ 'እማዬ፣ አውጪኝ' ሲለኝ ሐዘኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ይኼን እጄን የያዘኝን ሰውዬ ግን አላውቀውም።"