መነኮሳቱ ያሠሩት ሣጥን

እስረኛው ላብሪሽ የሞተው የምሳ ሾርባውን ጠጥቶ እንደጨረሰ ነው። ካራዴክ ጎንበስ ብሎ የሟቹን አፍ ከፈተና ከምላሱ ሥር አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አወጣ፤ ለማንም ሳያሳይ በመዳፉ ጨበጣት። ከአብዮቱ በፊት መርማሪ ዳኛ ነበር፤ አሁን እሱም እዚሁ ታስሯል። ነጻነት ታወጀ በተባለ ማግስት የፓሪስ ገዳማት እስር ቤት ሆነው በሮቻቸው መቀርቀሪያ ከውጭ ተገጠመላቸው።

ኮሚሳር ሞንቫል ወደ ችሎት፣ ከዚያም ወደ መሰየፊያ የሚላኩትን እስረኞች ሊወስድ መጥቶ ነበር። «ጋሪው እስኪጫን መርምር» አለው።

ጥፋተኛ ግን ተገኝታለች ተብሏል፤ እማሆይ ፔርፔቱ፣ በገዛ ገዳማቸው የታሰሩ አሮጊት። ምግቡ በየእስረኛው ስም ተለይቶ ከውጭው ኩሽና የሚገባው በግድግዳው ውስጥ በሚሽከረከር ሣጥን ነው፤ ከውስጥ ተቀብለው የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ከውጭ ያቀበለው፣ መርዝ ሲጨምሩም አየሁ ያለው፣ በዚህ ሳምንት የተቀጠረው ጸሐፊ ጎብሌ ነው።

ካራዴክ እማሆይን ለብቻቸው አነጋገራቸው። እሳቸው እንደነገሩት፣ ጎብሌ የገዛ አጎቱን ስም ከተላኪዎቹ ዝርዝር አውጥቶ ላብሪሽን ተክቷል፤ ላብሪሽም ይህን ለኮሚሳሩ ሊናገር ነበር።

«ከእርስዎ ሌላ ማን ሰማ?»

«ማን ያልሰማ አለ ልጄ? ላብሪሽ ጆሮው ደንቆሮ ነበር፤ ምሥጢር የሚያወራው እየጮኸ ነው።»

ካራዴክ ሁሉንም ሣጥኑ ፊት ሰበሰበ።

«ዜጋ ጎብሌ፣ ምን አየህ?»

«በሣጥኑ ቀዳዳ ሳይ፣ አረንጓዴ ቅጠል ሾርባው ላይ ስትበትን ነዋ።»

«በል ከውጭ ቁምና በቀዳዳው እየኝ፤ ስንት ጣት እንዳነሣሁ ትነግረኛለህ።»

ሣጥኑ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ከወዲያ መልስ አልመጣም። ጎብሌን መልሰው አመጡት።

«መሐሉ ድፍን ሳንቃ ነው» አለ ካራዴክ። «እነዚህ ሴቶች ለውጭ ሰው ላይታዩ ምለዋል፤ አናጢውም የሠራው ለመሐላቸው ነው። በየት ቢያዞሩት ወዲያና ወዲህ አይተያይም። ስለዚህ አላየህም። ቅጠሏን ደግሞ» መዳፉን ዘረጋ «ከእኔ በቀር ያያት የለም። አረንጓዴነቷን ያወቅኸው አንተው ስለጨመርካት ነው። ላብሪሽ እንዳያጋልጥህ ገደልከው።»

ጎብሌ አንገቱን ደፋ። ሞንቫል ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነህ። ግን አሥራ ሁለት ሰው ላክ ተብያለሁ፤ አንዱ ሞተ።»

«ገዳዩ ይኸው ቆሟል።»

«ሌላ ጸሐፊ የለኝም።»

ጎብሌ ከዝርዝሩ ላብሪሽን ሰርዞ ፔርፔቱ ብሎ ጻፈ። ካራዴክ ማስረጃውን ከመጀመሪያው አንሥቶ እንደገና ያስረዳ ጀመር። እማሆይን የጫነው ጋሪ ከበሩ ሲወጣ እሱ ገና ስለ ሳንቃው እያስረዳ ነበር።