ጊንጥ ነው የተባለው

ዶክተር ቃለአብን የጠሩት ደማቀች ከሞተች በኋላ ነበር። እንደ ልማዳቸው! እዚሁ ዐረብ አገር ጁበይሃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ የመርዝ ሐኪም ተብሎ፣ እዚህ ሆስፒታል ሥራው ሬሳ መግለጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እየተበሳጨ ገባ።

ሬሳውን ከበው የቆሙት ተረኛው ሐኪም አብዱረዛቅ፣ የሟች አሠሪ ማዳም ኢስራ፣ አንድ ፖሊስና ኢስራ በምትኖርበት ሕንፃ ሌላ ቤት የምትሠራው የሟች ጓደኛ ጥሩነሽ ናቸው። የጥሩነሽ እጆች በካቴና ታስረዋል።

«ይቺ ናት የገደለቻት!» አለች ኢስራ በዐረብኛ። «ወጥ ቤት ውስጥ ጊንጥ ነደፋት። ይቺ ደግሞ የአገሯን ቅጠል በጥብጣ አጠጣቻት።»

«ኧረ ያጠጣኋት ውሃ ነው፣ ዶክተር!» አለች ጥሩነሽ በአማርኛ። «ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ እግሯ አብጧል። ምን ሆንሽ ብላት ማዳምን ማዳምን እያየች ዝም አለችኝ።»

ቃለአብ ወደ ተረኛው ዞረ። «ለምን አልጠራኸኝም?»

«ለጊንጥ ስፔሻሊስት ልጥራ? ማስታገሻ ሰጥቼ ጠበቅኩ።»

ቃለአብ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ አንሶላውን ገለጠ። እግሯ እስከ ጭኗ አብጦ ጠቁሯል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ድዷ ደምቷል። ጥፍሮቿ ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ደርቋል። ከአልጋው ሥር ጫማዋን አወጣው፤ ቀይ አፈር ተለጥፎበታል።

«ስሙኝ» አለ። «ጊንጥ የሚነድፈው በአንድ እሾህ ነው፤ ይህ ግን የሁለት ጥርስ ንክሻ ነው። ደሟ መርጋት ያቃተው በእፉኝት መርዝ ነው። ቅጠል የጠጣ ሰው ደግሞ አንድ እግሩ ብቻ አያብጥም፤ ስለዚህ ጥሩነሽ የለችበትም። ወጥ ቤት የተነደፈች ሴት አፈር የያዘ ጫማ አድርጋ ደረጃ ላይ ምን ትሠራለች? ጥፍሯ ላይ ያለው የወይራ ፍሬ ጭማቂ ነው። ማዳም፣ ወይራ ስትለቅም የዋለችው የት ነው?»

የኢስራ ፊት ተለዋወጠ።

«መዝረዓችን… እርሻችን ከስዌይለህ ማዶ ነው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚፈቅደው የቤት ሥራ ብቻ ነው። እባብ መሆኑን ከተናገርሽ ሹርጣ፣ ፖሊስ፣ ይይዝሻል፣ ወደ አገርሽ ትባረሪያለሽ አልኳት።»

«እባብ ቢሉኝ ኖሮ እጠራህ ነበር» አለ አብዱረዛቅ።

«እግሯን ብታየው ኖሮ ማንም ሳይነግርህ ትጠራኝ ነበር!»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈትቶ ወደ ኢስራ ዞረ። ጥሩነሽ ግን ለመውጣት አልቸኮለችም።

«በጊዜ ቢጠሩዎት ትድን ነበር?»

የእባብ መርዝ ማርከሻው ታች ፎቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር። ቃለአብ ሊዋሻት ፈለገ፤ ግን ለዛሬ የተዋሸው ይበቃል።

«አዎ፣ እህቴ። ትድን ነበር።»

ጥሩነሽ የደማቀችን እጅ ይዛ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ማጽዳት ጀመረች።