የአቤነዘር በር

ቅዳሜ ከሰዓት የረድኤት ልማድ አይዛነፍም። ምሳ ትበላለች፣ ሳህኖቹን ታጥባለች፣ ላፕቶፗን ሳሎን ቻርጅ ላይ ትታ፣ ፍላሿን በኪሷ ይዛ፣ ግቢውን ታቋርጥና አጎቷ ትቶት ወደሄደው ጌም ቤት ትገባለች። የአዳማ ልጆች ስልካቸው ላይ መጫወት ከጀመሩ ወዲህ ጌም ቤቱ ሥራ አቁሟል። በመንገዱ በኩል የነበረው ሰፊ መዝጊያ በግንብ ተደፍኖ፣ ወደ ግቢው የምታስወጣ አንዲት ጠባብ የብረት በር ብቻ ቀርታለች። መስኮት የለውም። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ ጀርባው ላይ የተኛው አቧራ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ስፖንጃቸው የፈነዳው ወንበሮችም የልጆች ላብና የማስቲካ ጠረን እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። አሮጌው ፕሌይስቴሽን ሲበራ ማራገቢያው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሽ ስትሰማ የረድኤት ትከሻ ይወርዳል። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ "እሺ" ስትል ከርማ፣ አፏን ዘግታ የምትቀመጥበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው።

ለዚህ ማሽን አዲስ ጌም የሚሠራለት ድርጅት የለም። በየከተማው ተበትነው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ የተገናኙ ጥቂት ልጆች ግን በትርፍ ጊዜያቸው፣ ለፍቅሩ ብቻ፣ ኮድ ይጽፉለት ነበር። አብረው የሠሩት ትልቁ ሥራቸው አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ቤት ይጽፋል፣ ቤቱ ውስጥ ራሱን የሚመስል ትንሽ ሰው ያስቀምጣል፤ ትንሹ ሰው ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሲመሽ መብራት ያበራል። ከግሩፑ የሚወጣ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ትንሹን ሰው በየቤቱ አዙሮ ያሰናብታል፣ ከዚያ የቤቱን መብራት በገዛ እጁ ያጠፋል። የሌላውን ቤት ኮድ መንካት ነውር ነው።

የማሽኑ ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቁጠባ ነው የተሠራው። አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ደረጃ ይጻፋል፤ ቤቶቹ ሁሉ እሱኑ ይዋሳሉ። በሩን የጻፈው የሐዋሳው አቤነዘር ነበር። የእናቱ ግቢ በር ሲጢጥ ሲል ድምፁን ቀድቶ አስገባበትና "ሁላችሁም በኔ በር ነው የምትወጡት የምትገቡት፣ አክብሩኝ እንጂ!" እያለ ሲጎርር ኖረ። ቀስ በቀስ ሰዉ አለቀ። አንዱ አገባ፣ አንዷ ወለደች፣ ሌላው ማሽኑ ሞተበት፤ ሁሉም በወጉ ተሰናበቱ፣ መስኮቶቻቸውም ጨለሙ። በርተው የቀሩት የአቤነዘር፣ የደሴዋ ሶስናና የረድኤት ብቻ ነበሩ።

የዚያን ቀን ገና ጆይስቲኩን እንዳነሳች አቤነዘር ደወለ።

"ረዲ፣ እኔ እንግዲህ በቃኝ።"

"ምኑ?"

"ጌሙ ነዋ። ማሽኑን ጠዋት ለቁራሌው ሰጠሁት።"

"ሳትሰናበት?"

ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! የሥዕል ሰው ይዤ በር ለበር ልዙር? እደጊ እንጂ እናቴ። መብራቷን አንቺው አጥፊልኝ።"

"ባለቤቱ ነው የሚያጠፋው።"

"የምን ባለቤት? የታለና ቤቱ!"

"እሺ" አለችና ዘጋችው። ስትመረቅ እናቷ ያደረገችላት የብር ቀለበት ለጣቷ ሰፊ ነው፤ ስትናደድ ታሽከረክረዋለች። አሁን ቆዳዋ እስኪቀላ ድረስ አሽከረከረችው። ሰው አንድ መብራት ለማጥፋት ይሰንፋል? ስንት ጊዜ ስህተቱን አርማለታለች፣ ስንት ጊዜ እሱ የተወውን እሷ ጨርሳለች፣ እሱ እንዲህ ሊስቅባት! ግቢውን እየሮጠች አቋርጣ ሳሎን ገባች፣ ላፕቶፗን ከፈተች። እናቷ ከጓሮ "ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" ስትላት "ምንም" አለች። ኮዱን አወጣች። መብራቱን አልነካችም። በሩን ፈለገች።

"በኔ በር፣ በኔ በር ስትል አልነበር?" አለች በጥርሷ መሃል። "እስቲ አሁን ውጣ።"

ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው፣ የቀረውን ኮድ ወደ ፍላሹ ገለበጠች፣ ተመልሳም የጌም ቤቱን የብረት በር በላይዋ ጎትታ ዘጋች።

ሕንፃው ስክሪኑ ላይ ወጣ። የአቤነዘር መስኮት ቢጫ ሆኖ በርቷል። ትንሹ ሰው ወትሮ ወደሚወጣበት ሄደ፣ ባዶ ግድግዳ ገጠመው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆመ። ረድኤት ደስ አላት። ደስታው ከሆዷ ተነስቶ ጆሮዋን አሞቀው። ሕንፃው ፀጥ ማለቱን ያስተዋለችው ቆይታ ነው፤ ያ የአቤነዘር እናት በር ሲጢጥታ ከአንድም ፎቅ አይሰማም፣ ደረጃው ላይም ሰው የለም። ከዚያ የሆነ ሰው መምታት ጀመረ። ድው። ድው። እሷ እንዲህ ያለ ድምፅ አልጻፈችም፣ አቤነዘርም አልጻፈም። ከባድና የደከመ ምት ነው፤ ከእያንዳንዱ ምት ኋላ ቀጭን ነገር ይከተላል፣ ብረት ልስን ሲቧጥጥ እንደሚሰማው ያለ፣ ጥርስ የሚያሳክክ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ምቱ አልቀነሰም።

ፍርሃት ሽው አለባት፤ ንዴቷ ግን ቀደመው። "አንኳኳ!" አለች ጮክ ብላ። "አንኳኳ፣ ማን ሊከፍትልህ!" ብላም ሳቀች፣ ልክ እሱ እንደሳቀባት። ምቱ ቆሞ ቆሞ እንደገና ይጀምራል፤ በጀመረ ቁጥር እሷም "አንኳኳ" ትላለች። እንዲህ ስትል ከሰዓቱ አለፈ፣ የክፍሉ አየርም ከመወፈሩ የተነሳ በአፏ መተንፈስ ጀመረች።

ሊመሽ ሲል ሶስና ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"ረዲ፣ የአቤኒን ወሬ ሰምተሻል?"

"ደግሞ ምን አለ?"

"እናቱ ደውለውልኝ ነበር። መክሰስ ብላ ሊሉት ወደ ክፍሉ ሄደው… መብራቱ በመስኮት ይታያል፣ ሲጠሩት ግን አይመልስም። የመስኮቱ ፍርግርግ ሰው አያሾልክም። ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው ጠርተዋል።"

"ግድግዳውን ለምን? ክፍሉ በር የለውም እንዴ?"

"እኔም እንደዚሁ ነው ያልኳቸው። አለቀሱ።"

ቀለበቱ የረድኤት ጣት ላይ መሽከርከሩን አቆመ።

"ኮዱን ነካሽው አይደል?" አለች ሶስና።

"ሳይሰናበት ሄዷላ!"

"ረዲዬ፣ በናትሽ መልሺለት።"

"መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ።"

"በየት በኩል ወጥቶ ይጠይቅሽ?"

"አንቺም እኮ ልትሄጂ ነው። አውቃለሁ። ዝም ዝም ማለትሽ ለዚህ ነው። ሁላችሁም አንድ ናችሁ!" ድምፅዋ እንዲህ ሲወጣ ሰምታው አታውቅም፤ የሌላ ሰው መሰላት።

በስልኩ ውስጥ የሶስና የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ መዳፍ ግድግዳ ሲዳብስ፣ ከዚያ እንደገና ኮቴ።

"ቆይ አንዴ" አለች ሶስና በጣም በቀስታ። "ወጥ ጥጄ ነበር እኮ፣ እያረረ ነው፣ ይሸተኛል። ረዲ… እኔ ወደ ኩሽና የምወጣው በየት ነበር?"

መስመሩ ተቋረጠ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው አንዴ አሰለና ፀጥ አለ። የሰፈሩ ኔትወርክም መብራት ሲሄድ አብሮ እንደሚሄደው ሄደ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቢጫ መስኮቶች ግን አልጠፉም። ረድኤት ጨለማው ውስጥ ቆማ አየቻቸው፤ የአቤነዘር ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ የሶስና ሰው ፊቷን ወደ ግድግዳ። ያን ጊዜ ነው ኮዱ ትዝ ያላት። አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ደረጃ። በሩም አንድ ነበር፣ ለሁሉም ቤት። እንኳን እሷ ጀማሪም የማይስተው ነገር ነው፤ ንዴቷ ግን የአቤነዘርን ብቻ ሰርዢ ብሏት፣ የሁሉንም ሰረዘች።

ሦስተኛው መስኮት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሴት ማየት አልፈለገችም። መመለስ ይቻላል፣ የቀድሞው ኮድ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ አለ፣ ላፕቶፑም ሳሎን ነው፣ ግቢውን መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የስልኳን መብራት አብርታ ዞረች። ከበሩ አጠገብ የነበረው የተላጠ የእግር ኳስ ፖስተር እንዳለ ነው። ከፖስተሩ ቀጥሎ ኖራ የተቀባ ልስን አለ፣ ከልስኑ ቀጥሎ ልስን፣ እስከ ጥጉ ድረስ። መዳፏን አሳረፈችበት። የቀኑ ፀሐይ የመታው ግንብ ነው፣ ገና ይሞቃል።

ከውጭ የእናቷ ነጠላ ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ መጣ፣ በጣም ቀረበ፣ ግንቡ ባይኖር እጇን ትይዛት ነበር። "ረድኤት! ኧረ ይቺ ልጅ የት ገባች?" አለች እናቷ፣ ከዚያም ኮቴዋ ዞሮ ወደ ሳሎን ራቀ።

"እማዬ! እዚህ ነኝ እኮ! አይታይሽም እንዴ?" ረድኤት ጮኸች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ንዴቷ ይሰማ ነበር፣ በአቤነዘር፣ በሶስና፣ ጥሏት በሚሄድ ሰው ሁሉ። መዳፏን አንስታ ባለ በሌለ ኃይሏ ግድግዳውን መታችው፣ ሰፊው ቀለበቷም ተንሸራቶ ልስኑን ቧጠጠው፤ ምቱና ጭረቱ ከሰዓቱን ሙሉ "ማን ሊከፍትልህ" እያለች ስታፌዝበት የዋለችው ድምፅ ራሱ ነበር።