በርሊን ላይ «እንብላ» ያልሁት

እንዲህ ያለውን ነገር አምኜ አላውቅም፣ ጥርባ ሐይቅ ዳር የሚኖሩት አጎቴ ሲመሽ ስለሚሰሙት ድምፅ ማውራት ሲጀምሩ «እንቁራሪት ነው ጋሼ!» እያልሁ የማናድዳቸው እኔ ነበርሁ። ይችን ግን በጆሮዬ ሰምቻታለሁና ስሙኝማ።

እንጅባራ እየተማርሁ ለአንድ ሴሚስተር በርሊን የተላክሁ ጊዜ ነው። ከተማው አልከፋኝም፣ እንዲያውም ወድጄው ነበር፣ ባቡሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ብርዱን ሳይቀር፤ የከበደኝ ብቻ መብላቱ ነው። እኛ ቤት ከነጎረቤቱ አንድ ትሪ ከብበን ነው የምንበላው፣ እዚያ ግን አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። እህሉ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ፣ ልብሴ ሰፋኝ፣ ትምህርት ላይ ራሴን ያዞረኝ ጀመር፣ በመጨረሻ ሐኪሟ «እንዲህ ከቀጠልሽ አገርሽ ብትገቢ ይሻላል» አለችኝ። አባቴ ደግሞ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ «ልጄ ጀርመን ናት» ሲል ከርሟል፣ በምን አፌ ልመለስ?

የፈረንጆቹ ገና ደረሰና የቤቱ ልጆች ሁሉ ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ የድንች ወጥ ሠርቼ፣ ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጬ፣ ዳቦዬን ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥሁ፣ በብርዱ ወራት እዚያ ገና ከሰዓት ሳለ ይጨልማል። አንድ ሁለቴ ጎርሼ እንደልማዱ አልወርድ ሲለኝ፣ ከኋላዬ በሩ ሲጥ አለ፣ ኮቴም ሰማሁ። የለመደ አፍ አይደል፣ ዞር እንኳ ሳልል «እንብላ!» አልሁ።

«ብይ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አለኝ አንድ ድምፅ። በአውኚ፣ በእኛው በአገዎቹ ቋንቋ! ያውም የገጠር ሽማግሌ በሚናገርበት ለዛ።

እመኑኝ፣ መደንገጥ የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል ዝም የሚል ማን አለ? «በሞቴ! ትንሽ ይቅመሱልኝ እንጂ!» አልሁ፣ እኔም በአውኚ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ተንቋቋ። ቀና ስል ማንም የለም። በሩም ዝግ ነው።

ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? በላሁ! አንገቴን ደፍቼ በላሁ፣ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ወረደልኝ፣ ፈርቼም ደስ ብሎኝ ነበር። በእኔ በኩል ያለውን ስጨርስ በወዲያ በኩል ያለው ድንችም አልቋል። እጄ እዚያ አልደረሰም፣ እምላለሁ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን ደግሜ አልሰማሁም፣ ግን ብቻዬን የበላሁ መስሎኝም አያውቅም። ትምህርቴን በደንብ ጨረስሁ፣ ጉንጬ ሞልቶ አገሬ ገባሁ።

እናቴ ይህን ስነግራት፣ ራት ላይ ነበርን፣ በሳቅ ፈረሰች። «እንኳን ጠራሻቸው፣ ልጄን አበሉልኝ!» አለች። ቀጥላም «ሲነሱስ ምን ብለው መረቁሽ?» አለችኝ፤ እኛ አገር በልቶ ሳይመርቅ የሚነሳ ሽማግሌ የለማ።

«ሲነሱ አልሰማሁም» አልኋት።

ሳቋን አቆመች። ከጎኔም ፈቀቅ አለች፣ ለሰው ቦታ እንደምትለቅ።