ምንም አልጎደለም

«ይኸው፣ አሁንም ሙከራውን አለፈ» አለ ዶክተር፣ እጆቹን ከጭንቅላቱ ጀርባ አጣምሮ ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ። ስሙን ያወጡለት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ለቀልድ ነበር፣ እሱ ግን አምኖ ተቀበለው።

አብራው የምትሠራው ልጅ ስክሪኑን አየችና ከንፈሯን አጣመመች። «ምንም አልጎደለም» ይላል።

ፕሮግራሙን የሠሩት አብረው ነው። የተዘበራረቁ ፎቶዎችን በየዓመቱ ይለያል፤ ሲጨርስ የጎደለ ካለ ይናገራል። መምህሯ ከወደዱት ዛሬውኑ የትምህርት ቤቱን የድሮ ፎቶዎች ሊሰጡት ነው። ፎቶዎቹ ደግሞ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

«ፎልደሩን ወደ ነበረበት መልሰኸዋል?» አለችው።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ልጆች። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የመሞከሪያውን ፎልደር ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ፣ ካልተነካው ቅጂ እንደገና መገልበጥ ነው። ዶክተር ግን ይሰለቸዋል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ አንዴ ፎቶ ጎድሏል ብሎ ተነጫንጮ እንደነበር፣ ደግሞ ሲሞክረው ግን ዝም እንዳለ ነገራት።

«ዝም የሚለው፣ ፎቶዎቹ አስቀድመው ስለተለዩ የሚለየው አጥቶ ነዋ። የታጠበ ሳህን እያጠብህ ጎበዝ ነኝ ትላለህ?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ማጠብ ብቻ! አጣቢ» ብሎ መምህሯን ሊጠራ ወጣ። አረማመዱ ሳይቀር አስጠላት። እጁን ታጥቦ የማያውቅ ዶክተር፣ አለች በሆዷ።

ልታሳፍረው ቸኮለች። ፎልደሩን አጠፋች፣ ካልተነካው ቅጂ ገለበጠች፣ ፕሮግራሙን አስነሳችው። «አንድ ፎቶ ጎድሏል» አለ። የሴቶች ቡድን ፎቶ የለም። ፕሮግራሙ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ፎቶ «ቡድን» ብሎ ሰይሟቸው ነበርና፣ የወንዶቹ የሴቶቹን ተክቶ ውጦታል።

ደስ እያላት ዶክተር የጻፈውን ክፍል መስመር በመስመር ፈተሸች። ምንም የለበትም። ስም የሚሰጠው ክፍል የእሷ ነው፤ «እጅህን እንዳታስገባ» ብላ የከለከለችው።

ፊቷ ጋለ። ያን ሁሉ ንቀት የት ታድርገው?

ኮሪደሩ ላይ የዶክተር ድምፅ ተሰማ፤ አልቋል፣ ንጹሕ ነው እያለ ነው። አሁን ዝም ብላ አንዴ ደግማ ብታስነሳው «ምንም አልጎደለም» ይላል። ማንም አያውቅም። እነዚያ የድሮ ፎቶዎች ግን በዚያው ይጠፋሉ።

መምህሯ ገብተው አጠገቧ ወንበር ሳቡ። «እስቲ አሳዩኝ፣ የኔ ልጆች።»

ዶክተር እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ጎተተችና ፎልደሩን አጠፋችው።

«ምን እያረግሽ ነው? አለቀ እኮ» አላት በሹክሹክታ።

ካልተነካው ቅጂ መገልበጥ ጀመረች። ቀስ ይላል።

«ቲቸር፣ ፎቶ ያጠፋል» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ስህተቱ እኔ የጻፍኩት ጋ ነው።»

ግልበጣው አለቀ። ዶክተርም እንዲያይ ወንበሯን ትንሽ ገለል አድርጋ፣ ፕሮግራሙን አስነሳችው።